ከደጃፋችን የተነሳው ድንጋይ

ዛሬ አንዱ ተማሪዬ ከጉና ተራራ ጫፍ ያመጣውን ጥቁር ድንጋይ ክፍል ውስጥ በመዶሻ ሰነጠቀው። «ጉና እኮ ድሮ እሳተ ገሞራ ነበር» እያለ ለጓደኞቹ ሲያስረዳ፣ የተመታው ድንጋይ ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና ከአያቴ ጋር ጉናን ወደወጣሁበት ቀን መለሰኝ።

እናቴ ታማ ነበር። በሰፈራችን ልማድ፣ እናቱ የታመመችበት ልጅ ከደጃፉ ድንጋይ አንስቶ ጉና ጫፍ ካለው ክምር ላይ ይጨምራል፤ በሽታው አብሮ ይወጣል ይባላል። ቀይ ድንጋይ በነጠላዬ ቋጥሬ የእናቴን አባት ተከተልኩ። የአስታው ቁጥቋጦ አልቆ ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል ብቻ ሲቀር ብርዱ ጣቶቼን አደነዘዛቸው። አያቴ ሳያዩኝ ድንጋዩን ጣልኩት። ጫፍ ስንደርስ ከዚያው ጥቁር ድንጋይ አንስቼ ክምሩ ላይ አኖርኩ።

«ከቤት ያመጣሻት ይቺ ናት?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባባ።»

ስንወርድ ቀዩን ድንጋይ መንገድ ዳር አገኘነው። አያቴ ቆሙ። ድንጋዩን አዩት፣ ቀና ብለው ጫፉን አዩት፣ ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ቁጭ አሉ።

«እኔም እኮ አርጅቻለሁ፣ ልጄ፤ ተመልሼ ልወጣው አልችልም» አሉ። «እንሂድ። ለማንም አትንገሪ።»

እናቴ ለዚያ ዓመት ጥምቀት አልደረሰችም። አያቴም ያንን ቀን አንዴም ሳያነሱብኝ ሞቱ።

ተማሪዬ ስንጣሪውን መዳፌ ላይ አኖረልኝ።

«ትንሽ ቢሆንም ይከብዳል፣ አይደል ቲቸር?»

«አዎ» አልኩት።