ሻምበሉን ሊያስታርቁ የሄዱት ሽማግሌዎች

ባሕር ማዶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ ሳለሁ፣ በሰመር ቅዳሜ ከአፓርታማችን ጀርባ ባለው ፓርክ ሥጋ እንጠብስ ነበር። ሥጋው አልቆ ከሰሉ ሲደበዝዝ፣ ጎረቤታችን አባባ ደምሴ ወንበራቸውን ወደ ፍሙ ያስጠጉና ስለ አንድ እንግሊዛዊ ሻምበል ያወሩልን ነበር። ያኔ ጭሱ ዓይኔን ቢያቃጥለኝም ከአጠገባቸው አልርቅም።

«አባባ፣ ይህን እንግሊዝ ደግሞ ከየት አመጡት?» ትላቸዋለች እናቴ እየሳቀች።

«አባቴ በቅሎውን የጫነለት ነዋ! አንቺ ዝም ብለሽ አጥንትሽን ጋጪ።»

ይህን ወሬ ዘንድሮ ያስታወሰኝ የልጄ የሶሊያና ዝምታ ነው። እናቷ በገና ሰሞን አረፈች። ዘመዶች «ለሕፃን መርዶ አይነገርም፤ ለሕክምና ሄዳለች በላት» አሉኝ፤ እኔም እንዳሉኝ አደረግሁ። ልጅቷ መጀመሪያ መጠየቅ ተወች፣ ቀጥሎ ምግብ ቀነሰች።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን አሌክሳንድሪያ ወዳለው ቤታችን ስንመለስ፣ ትስቅልኝ እንደሆነ ብዬ መኪና ውስጥ የሻምበሉን ነገር ጀመርኩላት።

ሻምበሉ የባለርስት ልጅ ነበር፤ ክሪኬት የሚባለውን ኳስ በእንጨት የመምታት ጨዋታ የሚጫወተው ለደስታው እንጂ ተከፍሎት አልነበረም። ጦር ሜዳ ቆስሎ ትንሽ ያነክሳል። ከጦርነቱ በኋላ አገር ለአገር ሲዞር፣ የክሪኬት መምቻውን ከድንኳኑ ጋር ጠቅልሎ በበቅሎ አስጭኖ እኛም አገር ደረሰ። በሰፈሩበት ሜዳ ሦስት እንጨት ተክሎ ለጫኞቹ ጨዋታውን አስተማራቸው። አንድ ቀን ሲመታ ኳሷ የመምቻውን ጠርዝ ነክታ ከኋላው በቆመው ሰው እጅ ገባች። እንዲህ ሲሆን የመታው ከጨዋታ ይወጣል። መንካቷን ግን ማንም አላየም። ሻምበሉ ግን መምቻውን በብብቱ ይዞ ድንኳኑ ገባ።

ጫኞቹ የተቀየማቸው መሰላቸው። «ምን በድለነው ነው?» ሲባባሉ ዋሉና ማምሻውን በግ አስይዘው ሽማግሌ ላኩበት። ሻምበሉ ግራ ገባው።

«ኳሷ መምቻዬን ነክታለች፤ ጨዋታዬ አልቋል። ማንንም አልተቀየምኩም» አለ።

«ማንም እኮ አላየም!»

«እኔ አውቃለሁ።»

አባባ ደምሴ እዚህ ሲደርሱ «በጉን ግን በልተውታል» ብለው በሳቅ ፍርስ ይላሉ። እኔም እንደሳቸው አልኩ። ሶሊያና አልሳቀችም።

«ዳዲ፣ ማሚ እኔን ተቀይማ ነው አይደል የሄደችው?»

«ማን አለሽ?»

«ማንም። ጫማ አላደርግም ብዬ ጮኼባታለሁ።»

ከሃይዌይ ወጥቼ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ አቆምኩና ከኋላ ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ማሚ ሞታለች» አልኳት። «በጣም ታማ ነበር። አንቺን አልተቀየመችም።»

አለቀሰች። እኔም ፊቷ አልቅሼ አላውቅም ነበር፤ አለቀስኩ። ቆይታ አፍንጫዋን በእጅጌዬ ጠረገችና በእንግሊዝኛ «እርግጠኛ ነህ?» አለችኝ። «እርግጠኛ ነኝ» አልኳት። ያኔ ትከሻዋ ሲላላ በክንዴ ተሰማኝ።

«ቤት ፓስታ አለ?»

አለ። ሁለት ጊዜ አስጨመረች።

አባባ ደምሴ ያን ሁሉ ሲያወሩ ሊያስተምሩን አልነበረም፤ ወሬው ስለሚያስቃቸው ነው። የሻምበሉን ጦርነትና ጉዞ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ፤ ይቺ የሽምግልናዋ ግን ቀረች፣ ለምን እንደቀረችም ያን እሑድ ገባኝ፤ የወጣ ሁሉ ተቀይሞ አይወጣም። ገና ብዙ እናለቅሳለን። ልጄ የምታለቅሰው ግን ላልተቀየመቻት እናቷ ነው።