ከጠርሙሱ የደፋሁት ፎርማሊን

መጀመሪያ ያሳከከኝ ቀኝ ቅልጥሜን ነው። ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ተቀባይ ነበርኩ። የአንድ ሣጥን የቆርቆሮ ማሰሪያ ጫረኝና ከቁም ነገር ሳልቆጥረው ሥራዬን ቀጠልኩ። ጭረቱ አልደረቀም። በወሩ ቁስል ሆነ፤ በዓመቱ የሻይ ብርጭቆ አፍ አከለ፣ ጠርዙም ጠጠረ። መግሉ ሲሸት ባልደረቦቼ አጠገቤ መቀመጥ ተዉ፤ እኔም በየቀኑ አንዱን ሳልሰድብ አልውልም ነበር።

ሐኪም ቤት ጎትታ የወሰደችኝ ባለቤቴ አስናቀች ናት። ሐኪሙ ድሬዳዋ የከረመ ግሪካዊ ነው፤ አማርኛችንን ከነስድቡ ያውቀዋል። እኛ ድሬዎች ደግሞ ለአንቱታ አንቸኩልም። ገና ፋሻውን ሲፈታ ተጣላን።

«ዓመት ሙሉ የት ነበርክ?»

«ሥራ ላይ ነዋ! አንተ የት ነበርክ?»

ከቁስሉ ጠርዝ ቁራሽ ሥጋ ቆርጦ፣ እንዳይበላሽ ፎርማሊን ባለበት ጠርሙስ ከተተ። አዲስ አበባ ያለ መርማሪ በማይክሮስኮፕ አይቶ ካንሰር መሆን አለመሆኑን ይናገራል ተባለ። ጠርሙሱም በባቡር እንዲሄድ እኔው ወደምሠራበት ክፍል መጣ።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። የሚሸትና የሚያቃጥል ፈሳሽ ከሌላ ዕቃ ጋር አይጫንም የሚል ደንብ ነበረን፤ በዚህ ደንብ ስንቱን ነጋዴ ከነጠርሙሱ መልሻለሁ። ክዳኑን ብከፍተው ዓይኔን አስለቀሰኝ። ለራሴ ሲሆን ደንብ ላፍርስ እንዴ ብዬ ኮራሁ። ፎርማሊኑን ደፋሁት። ጠርሙሱን አጥቤ ንጹሕ ውሃ ሞላሁበትና ጫንኩት። በዚያ ሙቀት ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ሥጋ እንደሚበሰብስ ልጅም ያውቃል፤ እኔ ግን ስለ ሽታው እንጂ ስለ ሥጋው አላሰብኩም።

ሰኞ ውጤቱ መጣ። ሐኪሙ ቆሞ አነበበልኝ።

«የሴሎቹ ኒውክሊየስ፣ እምብርታቸው ማለት ነው፣ ጠቁሯል። ውስጡ ያለው ክሮማቲን የሚባለው ክር ተጓጉሏል። ካንሰር ሳይሆን አይቀርም ይላል። እግርህ ከጉልበት በታች ይቆረጣል። ሐሙስ።»

አልጋ ያዝኩ። አለቀስኩ። ፈጣሪንም ተናገርኩት። አስናቀች «ይቆረጥና ኑርልኝ» አለችኝ። ጮህኩባት።

ረቡዕ ጠዋት ሐኪሙ ሊያስፈርመኝ ወረቀት ይዞ መጣ። ብዕሩን ወረወርኩበት።

«አቦ ተወኝ! ምርመራህ ምን ያውቃል? ያን የሚገማ መድኃኒትህን ደፍቼ በውሃ ነው የላክሁት። ማን ነቃ?»

ፊቱ ቀላ።

«ምን አልክ?»

ደገምኩለት። በአማርኛም፣ በግሪክኛም፣ በማላውቀው ቋንቋም ሰደበኝ። የበሰበሰ ሴል ኒውክሊየሱ እየተጨማደደና እየጠቆረ መርማሪን እንደሚያሳስት ነገረኝ። «ደንቆሮ!» አለ። ወረቀቱን ግን ቀደደው።

ሁለተኛውን ቁራሽ በፎርማሊን ከትቶ፣ ክዳኑን በሰም አሽጎ፣ ወደ አዲስ አበባ ለምትሳፈር ነርስ በእጇ ሰጣት። መልሱ እስኪመጣ እህል አልቀመስኩም ማለት ይቻላል። ካንሰር አይደለም የሚል ደብዳቤ ሲመጣ፣ ሥጋዬ በስሱ ተቆርጦ የተለጠፈበት መስታወትም አብሮ ተልኮ ነበር፤ ሐኪሙ አንገቴን ይዞ ማይክሮስኮፑ ላይ ደፋኝ።

«ኒውክሊየሱ ውስጥ ያለችው ይቺ ክብ ነጥብ ኒውክሊዮለስ ናት። ሴሉ ሥራ ሲበዛበት ትተልቃለች። በካንሰርም ትተልቃለች፤ ስለዚህ በእሷ ብቻ አይፈረድም። ዙሪያዋን እይ። ክሮማቲኑ ደቃቅ ነው፣ እኩል ተበትኗል። ሴሎችህ ቁስሉን ሊደፍኑ ሲታገሉ ነው የከረሙት።»

እኔ ስረግመው የከረምኩት እግር እንዲህ ሲለፋልኝ እንደነበር ሳይ አፈርኩ።

ከዚያ ወዲያ ፔኒሲሊኑን እየተወጋሁ፣ ፋሻውን በየቀኑ እያስቀየርኩ፣ እግሬን በትራስ ከፍ አድርጌ ወራት ተኛሁ፤ ቁስሉ ሲጠራም ከጭኔ ቆዳ ተወስዶ ተለጠፈበት፣ ያዘም። የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ በከዘራ ተሻግሬ ሥራ የገባሁ ዕለት፣ ጠርሙስ በመክፈቴ ከዕቃ ክፍል ተነሥቼ ቲኬት ቆራጭ መሆኔን አለቃዬ ወሬው ደርሶት በንዴት ነገረኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ አልሰጠሁም።

የማይድን ቁስል ይዘህ ይህን የምታነብ ወንድሜ፣ የምታነቢ እህቴ፤ እንደ እኔ ዓመት አትጠብቁ። ለምርመራ ከተወሰደ ነገር ላይ እጃችሁን አንሡ። ያጠፋችሁትን ደግሞ ቢያሰድባችሁም ለሐኪሙ ንገሩት፤ እኔ የተናገርኩት ልሰድበው ብዬ ነው፣ ይህ ለማንም አይመከርም። ጩኸቴን ችላ ያስታመመችኝን አስናቀችን አመሰግናለሁ። ሐኪሙንም አመሰግናለሁ፤ እስከ ዛሬ ባልወደውም።

የመጨረሻው ፋሻ የተፈታ ዕለት ጠየቅሁት።

«ባልነግርህስ ኖሮ?»

«እቆርጠው ነበር» አለ እጁን እየታጠበ። «ጥሩ አድርጌ። አንተም ከካንሰር አዳነኝ እያልክ ዕድሜ ልክህን ስትመርቀኝ ትኖር ነበር።»