ጌታነህ ሳይመልሰው የቀረ ጥያቄ

ማለዳ ከላምበረት አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ መንዝ የተጓዝኩት ለቅሶ ለመድረስ ነው። ለዓመታት አብሮኝ ሲመራመር የኖረው ጌታነህ በአጭር ሕመም ሞቶ አስከሬኑ አገሩ ገብቷል። እኔ በዚያ ሰሞን ታምሜ ስለነበር ቀብሩ ላይ አልተገኘሁም። ጥናታችንን ብቻዬን መግፋት አቅቶኝ ልዘጋው ወስኜ ነበር፤ ይህንንም ወላጆቹ ከእኔው አፍ እንዲሰሙ ፈለግሁ።

ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ስለሸፈነው ሾፌሩ መብራት አብርቶ ቀስ ብሎ ነዳ። ሞላሌ ለምሳ ወረድን፤ ሽሮው ትኩስ ነበር፣ ግን ከሁለት ጉርሻ በላይ አልወረደልኝም። ከመሐል ሜዳ ወዲያ በእግሬ ሄድኩ። ገብሱ ታጭዷል፤ ከጓሳ በኩል የሚመጣው ነፋስ ፊት ይገርፋል።

እናቱ ወይዘሮ አስካለ አንገቴን አቅፈው አለቀሱ። ለቅሶው ጋብ ሲል ከበግ ጸጉር የተሠራ ባና አልብሰው እሳት ዳር አስቀመጡኝ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ አባቱ አቶ ደምሴ። «ሰዉ ‹የተማረው ልጅህ ብረት ሲፈትግ ሞተ› ይለኛል። እውነት ሥራው ይኼ ነበር?»

«እውነት ነው አባባ። ብረቱን ግን በስሱ ካርቦን እናለብሰዋለን። ዘይት መጠቀም በማይቻልበት ቦታ ማሽን ቶሎ እንዳያልቅ ነው።»

«ታዲያ ምን ነበር የሚፈልገው?»

ሁለት መዳፎቼን አጋጥሜ አሳየኋቸው። አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ዕቃ ውስጥ ሁለት የካርቦን ገጾች ሲፋተጉ፣ የአንዱ አተሞች የሌላውን ጨምድደው ይይዛሉ። ጥቂት የውሃ እንፋሎት ወይም ኦክስጅን ሲገባ ግን ሞለኪውሎቹ አተሞቹ የሚያያዙበትን ቦታ ቀድመው ይሞሉታል፤ ገጾቹም ተላቅቀው ይንሸራተታሉ።

«ጌታነህ ሃይድሮጅን ያለበት ሌላ ካርቦን ሞከረ» አልኳቸው። «እሱ ደግሞ በደረቁ ይንሸራተትና እርጥበት ሲነካው ይይዛል።»

«ያው ውሃ?»

«ያው ውሃ።»

«ለምን?»

«እሱንም ያስጨነቀው ይኼው ነበር አባባ። በእኛ ልባስ ላይ ምክንያቱን ገና አልደረስንበትም።»

ልዘጋው ነው ልል አፌን ስከፍት ወይዘሮ አስካለ ቀደሙኝ።

«በደወለ ቁጥር ‹እማዬ፣ ትንሽ ቀረኝ› ይለኝ ነበር። ምን እንደቀረው ሳላውቅ ‹አይዞህ› እለዋለሁ። አሁን ገባኝ። ስትደርሺበት ነይና ንገሪን። እኛ ብናልፍም መቃብሩ ላይ ቆመሽ ንገሪው።»

«እሺ እማማ» አልኩ።

በማግስቱ አዲስ አበባ ገባሁ። ጥናቱን የእኔና የጌታነህ ብቻ አድርጌ ነበር የቆጠርኩት፤ ያን ያህል የሚጠብቀው ሰው እንዳለ የተረዳሁት በዚህ ጉዞ ነው። ሻንጣዬን ሳልፈታ ለአለቃዬ ደውዬ የመፈተጊያ መሣሪያችንን ለሌላ ሰው እንዳይሰጥብኝ ለመንኩት።

«ማን ያግዝሻል?» አለኝ።

«ሰኞ ሥራ እገባለሁ» አልኩት።