ባድሩ የጨረሰው ጦርነት

ሐይቅ ከተማ ገበያ ዳር፣ ሸራ ጥላ ስር ልብስ የሚሰፋው ባድሩ ትምህርቱን ከሦስተኛ ክፍል ቢያቋርጥም፣ የጦር ሜዳ ውሎ በማወቅ የሚስተካከለው አልነበረም። ጠዋት ከስፌት መኪናው አጠገብ ሬድዮውን ይከፍታል፤ የት ከተማ ተደበደበ፣ የትኛው ሚኒስትር ከየትኛው ጋር ተጨባበጠ፣ አንድም አያመልጠውም። ከዚያ ሱሪ ሊያሳጥር ለመጣ ሁሉ ያወራል። ደግሞ ዝም ብሎ አያወራም፤ ጄኔራሎቹን ይሳደባል፣ አደራዳሪዎቹን ይመክራል። አልሰሙት ብለው እንጂ ጦርነቱ ድሮ ባለቀ ነበር።

ጎረቤቱ ኑርሀያት ግን ለጨዋታ አልነበረም የምትመጣው። ልጇ ሀውራ አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች፤ ያውም ሚሳይል የሚወርድበት ከተማ። በየጠዋቱ ሻሿን እያስተካከለች ትመጣና «ጋሼ ባድሩ፣ እነዚያ ተዋጊዎች ዛሬስ እንዴት አደሩ?» ትለዋለች፣ የሥጋ ዘመዶቿን የምትጠይቅ ይመስል።

አንድ ሰኞ ዓይኗ አብጦ መጣች። እንቅልፍ ካየች ሰንብታለች። ያን ጠዋት ሬድዮው የተናገረው፣ ተኩስ ለማቆም እየተነጋገሩ ነው፣ ገና አልተስማሙም የሚል ነበር። ባድሩ አንጀቱ አልቻለም።

«ተፈራረሙ» አላት። «አልሐምዱሊላህ በይ፤ አለቀ።»

ምነው አፉን በያዘው ኖሮ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እሷ እያለቀሰች መረቀችው፤ እሱም ደስ ብሎት ዋለ።

በማግስቱ ሀውራ የምትሠራበት ሕንፃ ተመታ። ጓደኞቿ ለአጎቷ ደወሉ። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ለመርዶ ኑርሀያት ደጅ ሲቆሙ ባድሩንም ይዘውት ነበር። አንተ ወሬ ታውቃለህ፣ አንተ ንገራት አሉት። ወደ ኋላ አለ፤ ሌላ ሰው ነገራት።

ለቅሶው ላይ ደረቷን እየደቃች፣ «የገደልኳት እኔ ነኝ» ትል ጀመር። «ሰኞ ማታ ከጓደኞቿ ጋር በአውቶብስ ልትወጣ ነበር። አልቋል፣ ሥራሽን አትልቀቂ ያልኳት እኔ ነኝ።» ሰዉ የአላህ ቀደር ነው እያለ ያጽናናታል።

ባድሩ ይህን እስከዚያች ሰዓት አልሰማም ነበር። እዚያው ሰው መሐል ቁጭ አለና፣ «ኑርሀያት፣ ሬድዮው እንዲያ አላለም» አላት። «እኔ ነኝ ያልኩት። ትንሽ ብትተኚ ብዬ ነው።»

ለቅሶዋን አቋርጣ አየችው። አልሰደበችውም፤ ብትሰድበው በወደደ።

«ሀውራ መጀመሪያ አላመነችኝም ነበር» አለችው ቀስ ብላ። «ማን ነገረሽ አለችኝ። ጋሼ ባድሩ ስላት፣ ‹እሱ ካለማ እውነት ነው› ብላ የሸከፈችውን ሻንጣ ፈታች።»