የሸሸው አጥንቴ

ባለፈው ቅዳሜ የባለቤቴ ወንድም ልጅ ሮቤ ላይ አጨ። እናቱ በሕይወት ስለሌለች የእናትነቱ ወግ ለእኔ ደረሰ። ወጉ ከባድ አይደለም፤ ከሃረና የመጣ፣ ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና በሳህን ይዞ የታጨችዋ ልጅ ፊት ማስቀመጥ ነው። ልጅቷ የእያንዳንዱን ፍሬ ጫፍ በፊት ጥርሷ ትነክሳለች። ካልተነከሰ ቅቤ ውስጥ ይፈነዳል። ከዚያ በቅቤ እንጠብሰዋለን፣ ቡና ቀላ የምንለው ይህ ነው፤ ሽማግሌዎቹም ያንን እያኘኩ ይመርቃሉ። እኔ ግን ሳህኑን ይዤ መሀል ቤት ቆሜ ቀረሁ። ምላሴ ሳላዛት ከተነቃዩ ጥርሴ ሥር ገብታ ባዶውን ድዴን ትዳብሳለች።

«ዘሃራ፣ ምነው? ሰው እየጠበቀ እኮ ነው!» አለኝ ባለቤቴ አማን ከወንዶቹ በኩል። እሱ ምን አለበት! ሠላሳ ሁለቱም ጥርሶቹ እስከ ዛሬ ቦታቸው ላይ ናቸው።

እኔ አንዷን ያጣኋት በሃያ አራት ዓመቴ ነው። ያኔ ሮቤ ላይ አስተማሪ ነበርኩ፤ እናቴ ጎባ ትኖራለች። ከሻሸመኔ በሚኒባስ ስመለስ፣ ዲንሾ ልንገባ ስንል አንዲት ከርከሮ ልጆቿን አስከትላ፣ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ መንገዱን አቋረጠች። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። እኔ ደግሞ አፌን ከፍቼ አንቀላፍቼ ነበርና ከፊቴ ካለው ወንበር ብረት ጋር ተላተምኩ። አንድ ገበሬ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ወለሉን ሲፈልጉ ቆይተው ጥርሴን በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። «እንኪ ልጄ፣ ንብረትሽ ነው» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ደም እየተፋሁ ሳቅኩ። ቤት ገብቼ መስታወት ሳይ ግን ሳቁ የት እንደገባ እንጃ፤ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

አማን ያኔ የኮምባይነር መካኒክ ነበር፤ ልንጋባም ተነጋግረን ነበር። ሲያየኝ «አሁንም ታምሪያለሽ፤ ብቻ ስትስቂ በሩን ዝጊው» አለኝ። እናቴ ግን ጉዳዩን እንዲህ በቀልድ አላየችውም። «የሚያጭ ቤት እንከን ፈላጊ ነው። ለእናቱ ትንፍሽ እንዳትሉ!» ብላ ሁላችንንም አስጠነቀቀች።

አዲስ አበባ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ሱልጣን ጥርስ የሚተክል ሐኪም አግኝቻለሁ ብሎ አስጠራኝ። ጥርስ እንደ ባሕር ዛፍ ይተከላል ወይ ብዬ ሄድኩ። ሐኪሙ ረጋ ያለ ሰው ነው። የላይኛው መንጋጋዬ አጥንት ውስጥ አንዲት ትንሽ ብሎን ካስገባ በኋላ እንዲህ አለኝ፦

«እህቴ፣ ብሎኗ ብቻዋን ምንም አይደለችም። አጥንትሽ ዙሪያዋን አድጎ ጥርቅም አድርጎ ሲይዛት ነው ጥርስ የምንሠራባት። አራት ወር ይፈጃል፣ ምናልባትም አምስት። እስከዚያ በፊት ጥርስሽ አንድም ነገር እንዳትነክሺ።»

«ዳቦስ?»

«ዳቦም በጎን።»

ለዓይን ያህል ላንቃ ላይ የምትለጠፍ ተነቃይ ጥርስ ሠራልኝ። ሳያት ከድሮዋ ታምራለች። ሙሉ ቀን በአውቶቡስ ተንገላትቼ ስመለስ፣ በየመናኸሪያው ሰው ሁሉ ቆሎ ሲቆረጥም እኔ እርጎ እየጠጣሁ ሮቤ ገባሁ።

የምታጭበት ቀን ብሎኗ በገባች በስድስተኛው ሳምንት ደረሰ። ቀኑን ማዛወር አይቻልም ነበር፤ በበጋ የሚደርሰው የቦና ስንዴ ታጭዶ ኮምባይነሮቹ የሚቆሙት፣ የአማን ዘመዶችም እጃቸው ነፃ የሚሆነው ያኔ ነው። እናቱ አዴ ሞሚና ረጅም፣ ድምፀ ትልቅ፣ የኮሩ ሴት ነበሩ። «ለምራቴ የገበያ ቡና አልገዛም» ብለው በእግራቸው ሃረና ጫካ ድረስ ዘመዶቻቸው ዘንድ ወርደው፣ ቡናውን በገዛ እጃቸው ለቅመው አድርቀው አመጡ። ያንን ሳህን ፊቴ ሲያስቀምጡት ነው የሐኪሙ ቃል ትዝ ያለኝ። ከእናቴ ጋር ስለ ልብሱ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ እንግዳው ስንጨነቅ ከርመን ቡናውን ረስተነዋል! እንዲያው ምን ዓይነት ሰዎች ነን?

የመጀመሪያዋን ፍሬ ወደ ጎን ወስጄ በመንጋጋዬ ነከስኩ። የአማን አክስት አዩኝ።

«ምነው፣ ፍየል ናት እንዴ በጎን የምትነክሰው?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አዴ ሞሚና ክንዴን በፍቅር ዳበስ አድርገው «በፊት ጥርስሽ ልጄ፤ ጫፉን ብቻ፣ በስሱ» አሉኝ። ቀና ብዬ እናቴን አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል። እሷም አንዲት ቃል መናገር ትችል ነበር፣ እኔም እችል ነበር። ፍሬዋን ወደ ፊት አምጥቼ ጠቅ አደረግኳት። ከዚያ ሌላዋን። ሳህኑ እስኪያልቅ ነከስኩ። እያንዳንዷ ፍሬ ስትሰበር ከላይ፣ አፍንጫዬ ሥር፣ አንድ ነገር ተጭኖ ይለቀኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ ቅቤ የጠገበውን ቡና እያኘኩ «ሆሪ ቡሊ! ርቢ፣ ሰንብቺ!» ብለው መረቁኝ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ድዴ አበጠ። ቀጥሎ ድዴ ወደ ላይ ሲሸሽ የብሎኗ አንገት ብልጭ አለ። እንደገና አዲስ አበባ ሄድኩ። ሐኪሙ ራጁን መብራት ላይ ሰቅሎ በእስክሪብቶው ጫፍ አሳየኝ።

«ነጩ አጥንት ነው። ብሎኗን የከበበው ይህ ጥቁር ደግሞ አጥንት የነበረበት ቦታ።»

«አጥንቱስ የት ሄደ?»

«ሸሸ።»

«ዶክተር፣ ቡና ነክሼ ነበር» አልኩና እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኩት። ሳይቆጣኝ አዳመጠኝ።

«ንክሻው ሊሆን ይችላል። በአደጋው ጊዜ አጥንትሽ ተጎድቶ ኖሮም ሊሆን ይችላል፤ ቁስሉ አመርቅዞም ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ሰው ምንም ሳያጠፋ ይሸሻል። የትኛው እንደሆነ አላውቅም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«አጽጂው፣ አትንኪው፣ ከወር በኋላ ተመለሺ። እኔም ቁስሉን አጥባለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው።»

መጠበቅ! እጅ ቢሆን በጨርቅ አስረዋለሁ፤ እግር ቢሆን ወጌሻ ጋ እሄዳለሁ። በገዛ ፊቴ ውስጥ ያለ አጥንት፣ ሳላየው፣ ሳያመኝ፣ ድምፅ ሳያሰማ ሲያልቅ በምን ልያዘው? እናቴ «አጥንትን የሚጠግን አጥንት ነው» ብላ የበሬ ቅልጥም እየቀቀለች መረቁን ታጠጣኛለች፤ የሼክ ሁሴንን መቃብር ሊዘይሩ ለሚሄዱ ሰዎችም ስለቷን ላከች። አማን «የማሽኔ ብሎን ሲላላ አጠብቀዋለሁ፤ ይህን በምን ቁልፍ ላጥብቀው?» አለኝ። ሊያስቀኝ ነበር የፈለገው፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ክፍል ገብቼ ልጆቹን ስለ ሰው አካል አስተምራለሁ፤ «አጥንት ጠንካራ ነው» ብዬ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ዞር ብዬ በምላሴ እነካካለሁ። ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ሁለቴም ጥቁሩ ሰፍቶ ጠበቀኝ።

አንድ ጠዋት ለሱብሂ ሶላት ውዱእ ሳደርግ፣ ስጉመጠመጥ ብሎኗ ከውኃው ጋር ወጥታ መዳፌ ላይ አረፈች። ቅንጣት አላመመኝም። ቁጭ ብዬ ሳያት ሳያት ፀሐይ ወጣች።

ሠርጉ ስለተቃረበ ከዚያ በላይ መደበቅ አልቻልኩም። ጎባ አዴ ሞሚና ቤት ሄጄ ተናገርኩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ስለ ውሸቱ አንዲት ቃል አልተናገሩም።

«በእኔ ቡና ነው?» አሉኝ።

«አይደለም አዴ።»

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«አላውቅም ነው ያለው።»

«አላውቅም ማለት እኮ አይደለም ማለት አይደለም» አሉ።

ተጋባን፣ ልጆች ወለድን፤ ያቺን ተነቃይ ጥርስም በሌላ፣ ሌላዋን በሌላ እየቀየርኩ ኖርኩ። ሌላ ብሎን ለማስተከል ወኔው አልነበረኝም። እኔ በጊዜ ብዛት ለመድኩት፤ አዴ ሞሚና ግን አልለመዱትም። ቤታቸው ስሄድ ሌላው ቆሎ ሲቀርብለት ለእኔ በሶ ይበጠበጣል። ቡና ቀላ በተጠበሰ ቁጥር የእኔን ድርሻ በሙቀጫ ወቅጠው በማንኪያ ይሰጡኛል። «ተይው አዴ፣ መንጋጋ አለኝ እኮ» ስላቸው አይሰሙም። ያ ሙቀጫ ኮሽ ባለ ቁጥር ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ይሰማኝ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ የእሳቸው እንደሆነ።

ሊሞቱ ሰሞን ሌላውን ሰው አስወጥተው እጄን ያዙኝ።

«ዘሃራ፣ ሐቁን ንገሪኝ። ቡናዬ ነው?»

«ወላሂ አይደለም!» አልኳቸው።

ያላወቅኩትን ነገር በአላህ ስም ማልኩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። አምነውኝ ይሁን ደክሟቸው እስከ ዛሬ አላወቅኩም፤ ስለ መሐላዬ ግን እስከ ዛሬ ምሕረት እለምናለሁ።

እንግዲህ ባለፈው ቅዳሜ ይህን ሁሉ ተሸክሜ ነው ሳህኑን ይዤ የቆምኩት። በመጨረሻ ጎንበስ ብዬ ልጅቷ ፊት አስቀመጥኩት።

«ልጄ፣ የፊት ጥርስሽ ደህና ነው?» አልኳት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሷ አፏን በሻሿ ሸፍና «ደህና ነው አዴ፣ አልሀምዱሊላህ» አለችኝ። እናቷን ዞር ብዬ አየኋት፤ እሷም ትስቃለች። ታዲያ እኔስ ያን ቀን አዴ ሞሚና ቢጠይቁኝ ሌላ ምን እል ነበር? ደህና ነው ነበር የምለው።

«በጎንም ይነከሳል፤ የሚስቅ ካለ ይሳቅ» ብዬ አንዷን ፍሬ ራሴ በመንጋጋዬ ነክሼ አሳየኋት። ልጅቷ አክስቶቿን አየች፣ እንግዶቹን አየች፣ ፍሬዋን በፊት ጥርሷ ያዘች። ጠቅ ስትል ዓይኔን ጨፈንኩ።