የማይላቀቁት በረንዳዎች

በዚያ ክረምት የምንሠራበት ክፍል ፒያሳ ካለ አሮጌ ፎቅ የላይኛው ደርብ ላይ ነበር። መሥሪያ ቤታችን ሊሠሩ የታሰቡ ሕንጻዎችን በትንሹ እየሠራ ለአለቆች ያሳያል፤ ይህን የምንሠራው እኔና አንድ አንጋፋ ባለሙያ ነበርን። ጋሼ ነበር የምላቸው። እሪ በከንቱ ተወልደው ያደጉ፣ ቀልዳቸው የማያልቅ፣ ግን ቀልድ የሚያወሩት በሩ መዘጋቱን ካዩ በኋላ ብቻ የሆኑ ሰው ነበሩ።

ለመስከረሙ የአብዮት በዓል የሚታይ የመኖሪያ ሕንጻ ሞዴል ታዘዝን። ግድግዳው ከካርቶን፣ ዛፉ ከስፖንጅ ይሠራል። የሚያስቸግሩት በረንዳዎቹ ነበሩ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ጥፍር የሚያህሉ፣ ሁሉም ስስ አጥር ያላቸው። አንድ በአንድ በቢላ መቅረጽ ስለማይቻል ጋሼ ከእንጨት አንዱን አሳምረው ሠሩና በእሱ ላይ ጀሶ እያፈሰስን ፎርማ አወጣን። ፎርማው ውስጥ የመኪና ቦዲ ጠጋኞች የሚጠቀሙበትን፣ ማር የመሰለ ሬዚን እንሞላለን። ሲጠነክር በረንዳው ይወጣል።

ማለት፣ ከለቀቀ ይወጣል። ሬዚን ያገኘውን ነገር ሁሉ ይዞ የሚቀር ጉድ ነው። ስለዚህ ጀሶው እንዲደርቅ ማታውን ከክፍሉ የኤሌክትሪክ ምድጃ በላይ ባለ ቆርቆሮ ላይ ተደርድሮ ያድራል፣ ጠዋት ቫርኒሽ ይቀባል፣ ከዚያ የወለል ሰም፣ በመጨረሻ ቫዝሊን፣ እሱም በብሩሽ ጫፍ ስስ ተደርጎ። ቫዝሊኑ ከበዛ የአጥሩን ቅርጽ ይደፍነዋል፤ ካነሰ ይጣበቃል። ሰኔ ውስጥ በደንብ ይሠራልን ነበር። ፎርማውን ገልብጠን በጣት መታ ስናደርገው በረንዳው ጠቅ ብሎ መዳፋችን ላይ ይወድቃል።

ሐምሌ ላይ ከሌላ ክፍል አንድ ሰው ተዛውሮ መጣልን። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ትሑት ነው፣ ድምፁ አይሰማም፣ ግን ጥያቄ ያበዛል። ስንት ሰዓት ነው የምትወጡት? ማታ በሩን የሚቆልፈው ማነው? ዘበኛው ላይ ድረስ ይወጣል? ጋሼ በመጀመሪያው ሳምንት ስም አወጡለት። ኮቴው ደረጃው ላይ ሲሰማ፣ “ሬዲዮኑ መጣ፣” ይሉኛል። ጆሮ ጠቢ ነው ማለታቸው ነበር፤ የሰማውን ሁሉ የሚያሰራጭ።

እሱ በመጣ በጥቂት ቀን በረንዳዎቹ መጣበቅ ጀመሩ። ፊታቸው እንደ ከረሜላ ይሟሟል፣ አጥራቸው ጀሶው ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ቫርኒሹን ደግመን ቀባን፣ ሰሙን ለወጥን፣ ለውጥ የለም። ኃላፊያችን መጥቶ የተበላሹትን በእርሳስ እያገላበጠ አየና፣ “አሻጥር እንዳይሆን ብቻ፣” አለ። እየሳቀ ነው ያለው። እኛ አልሳቅንም። በዚያ ጊዜ በዚህች ቃል ሰው ይወሰድ ነበር።

ኃላፊው እንደወጣ ጋሼ፣ “ቫዝሊኑ ውስጥ የሆነ ነገር እየጨመረበት ነው፣” አሉኝ።

“ለምን ብሎ?”

“እኛን ለማስበላት ነዋ።”

ከዚያን ቀን ጀምሮ የቫዝሊኑን ቆርቆሮ ኮት ኪሳቸው ይዘው ምሳ ይወጡ ጀመር። በረንዳዎቹ ግን መጣበቃቸውን አልተዉም። ያኔ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ፤ ቫዝሊኑን ከእሳቸው በቀር የሚነካው የለም። እሳቸውስ ቢሆኑ? ምናልባት ተጠይቀው፣ ተገደው? ይህን ካሰብኩ በኋላ ቫዝሊኑን ሲቀቡ እጃቸውን ሳላይ አላልፍም። እሳቸውም የእኔን እጅ ማየት መጀመራቸውን ልብ አልኩ። ሦስት ሰው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ከ“እንደምን አደራችሁ” ውጪ የሚነጋገረው ጠፋ።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ጠዋት አውቶቡስ ቶሎ አገኘሁና ከሰዓቱ በፊት ደረስኩ። የክፍሉ በር ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። አንኳኳሁ። ውስጥ ሩጫ ሰማሁ፣ ከዚያ ሰውየው በካናቴራና በባዶ እግሩ ከፈተልኝ። ክፍሉ ላብና ጀሶ ይሸታል። ምድጃው ላይ፣ ከፎርማዎቹ በላይ፣ ሸሚዙና ሱሪው ተዘርግተው ይተናሉ። ጠብታው አንድ በአንድ ጀሶው ላይ ያርፋል።

“እዚህ ነው የምታድረው?” አልኩት።

በሩን ዘጋ። “ታናሽ ወንድሜን የሚፈልጉ ሰዎች ቤት ይመላለሳሉ። እሱን ካጡ እኔን ይወስዳሉ። ዘበኛው ያስገባኛል። ልብሴ በዝናብ ይርሳል፣ ሌላ ቅያሪ የለኝም።” ከዚያ አየኝና፣ “አንቺና ጋሼ በእኔ ላይ ወሬ እንደምታቀብሉ ገብቶኛል። በሩ ተዘግቶ ስታንሾካሹኩ እሰማለሁ፤ ስመጣ ዝም ትላላችሁ፣” አለ።

ፎርማ አንስቼ በቢላ ሰነጠቅሁት። ላዩ ደረቅና ሙቅ ነው፤ ውስጡ ግን እንደ ረጠበ አፈር። ሬዚን ሲጠነክር ይግላል፤ ሲግል ያ እርጥበት በቫርኒሹ ውስጥ እየወጣ በረንዳውን ያበላሸው ነበር። ሌላ ምስጢር አልነበረውም።

ጋሼ ሲመጡ ደረጃው ላይ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኳቸው። የባርኔጣቸውን ዝናብ እያራገፉ አዳመጡኝ።

“ታምኚዋለሽ?” አሉ።

“አላውቅም።”

“እኔ አላምነውም። የሚፈለግ ወንድም ያለው ሰው ለማያውቀው ሰው እንዲህ አይዘረግፍም።” ጥቂት አሰቡና፣ “ቢሆንም ሸሚዙን ሌላ ቦታ ይስቀል፣” አሉ።

ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ገመድ ወጠሩለት። ለኃላፊው ከሁለታችንም አንድ ቃል አልወጣም። ለሰውየው አዝነን ይሁን፣ እሱ ቀድሞ እንዳይነግርብን ፈርተን፣ ያን ጊዜም አልለየሁትም። ፎርማዎቹ ግን ደረቁ። ቫዝሊኑም ከጋሼ ኪስ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተመለሰ። በረንዳዎቹ ያለ ጭረት ይወጡ ጀመር፤ ሰውየውም ለማላቀቅ የተካነ ሆነ፣ አንድም አጥር አልሰበረም። ሞዴሉ ለበዓሉ ደረሰ። ኃላፊው ጨበጠን፤ ስለ አሻጥርም ዳግመኛ አላነሳም።

ከበዓሉ በኋላ ሰውየው ወደ ክፍለ ሀገር ተዛወረ። ሊሰናበተኝ ሲመጣ ደረጃው ላይ ቆመን፣ “ወንድምህስ? ደህና ነው?” አልኩት።

“የምን ወንድም?” አለ።

“ያኔ የነገርከኝ።”

“ከሌላ ሰው ጋር አምታተሽ ይሆናል እህቴ። እኔ ለእናቴ አንድ ነኝ።” እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ ወረደ።

ለጋሼ ነገርኳቸው። ሥራቸውን ሳያቋርጡ፣ “ወይ ያኔ ዋሽቷል፣ ወይ ዛሬ፣” አሉ። “አንቺ ግን እንዲህ ያለ ነገር ደረጃ ላይ ቆመሽ ሰው አትጠይቂ።”

እሺ አልኳቸው። ሰውየውን ከዚያ ወዲህ አይቼው አላውቅም።