በስህተት የተለቀሰለት አባቴ

ባለፈው ሰሞን ወንድሜ ሲሞት ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። «ነፍስ ይማር» ይላል፤ ከጎኑ የተጋጠሙ ሁለት እጆች ሥዕል አለበት። ላኪው እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ከደጁ ድንጋይ ቢወረውር ጣሪያዬን የሚመታ ሰው ነው። ጎልምሼ፣ የልጆቼ እኩዮች እየሳቁብኝ ፊደል የቆጠርኩት ይህን ላነብ ኖሯል!

ያኔ የአባቴ ቀብር ትዝ አለኝ። አባቴ የሞተው አንኮበር ሥር ካለው ቤታችን፣ በነሐሴ ጉም ውስጥ ነው። እኔ ጢሜ ማቀምቀም የጀመረ ጎረምሳ ነበርኩ። አባቴ ክፉ ጎረቤት ነበር፤ ሞቷል ብዬ አልዋሽለትም። ከላይኛው ጎረቤታችን ከዘለቀ ጋር በድንበር፣ ከታችኛው ጋር በዶሮ፣ ከቄሱ ጋር ደግሞ ሁለቱም በረሱት ነገር ተጣልቶ ኖረ። ስለዚህ በቀብሩ ጠዋት ደጃችን ላይ የቆምነው እናቴ፣ ጀርባዋ ላይ የታዘለው ሕፃኑ ወንድሜ፣ አጎቴና እኔ ብቻ ነበርን። ቤተ ክርስቲያኑ ዳገቱ አናት ላይ ነው፤ መንገዱ ጭቃ። ቃሬዛውን ማን ይሸከም? እናቴን ከሞቱም በላይ ያንገበገባት ይኸው ነበር።

«ያለ ሰው ሊቀበርብኝ ነው» ብላ ዋይታዋን ለቀቀችው።

ከጉሙ ውስጥ ሌላ ዋይታ መለሰላት። በእኛ አገር ለቅሶ ደራሽ ደጁን ሳያይ ነው ማልቀስ የሚጀምረው። ዋይታ ወደሰማበት ይሄዳል እንጂ «የማን ነው?» አይልም፤ ነውር ነው። ከቆላው፣ ከአሊዩ አምባ ሽቅብ የወጡ ሰዎች፣ ወንዱም ሴቱም፣ ጭቃቸውን እንደለበሱ ግቢያችንን ሞሉት።

«ወይኔ ወንድሜ! ደጅህ ለእንግዳ የማይዘጋ! አንደበትህ ማር!» አለች አንዲት ሴት ደረቷን እየደቃች።

እናቴ ለቅሶዋን ገታ አድርጋ ወደ እኔ ዘንበል አለች። «ለማን ባል ነው የምታለቅሰው?»

አጎቴ ቀስ ብሎ ጠየቃቸው። ለካ የሚሄዱት ከጋራው ማዶ ወደሞተ እህል ነጋዴ ቤት ኖሯል! መሪያቸው ሼህ ሰይድ፣ ሸምገል ያሉ ጨው ነጋዴ፣ እኛን አዩ፤ ተሸካሚ ያጣውን ቃሬዛ አዩ።

«እንግዲህ እንባ ከወረደ ወዲያ ወደ ዓይን አይመለስም» አሉ። «ልጆች፣ ትከሻ አምጡ! ነጋዴው ይጠብቀናል፣ የትም አይሄድ።»

ዋይታውን የሰሙ ጎረቤቶች «ይህ ሁሉ ለዚያ ሰውዬ ነው?» እያሉ ብቅ ብቅ አሉ። ባዕድ ተሸክሞት እነሱ ቆመው ሊያዩ አልቻሉም፤ ሐፍረት ከቂም ይበረታል። ዘለቀም አንዱን ጫፍ ከቆለኛው ነጥቆ ትከሻው ላይ ጫነ። ዳገቱ መሀል ሲደርሱ ቃሬዛው ወደ እሱ አጋደለ።

«አያችሁ? ሞቶም ወደ እኔ ድንበር ነው የሚመጣ!»

እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። እዚያው ሳቋ ላይ እውነተኛው ለቅሶ መጣላት። ከዚያ ወዲያ የዘለቀ ሚስት የባቄላ ንፍሮዋን ይዛ ስትመላለስ ከረመች፤ ሁለቱ ተቀምጠው አባቴን ሲያሙ እናቴ ተጽናናች።

ይህን አስቤ ሥዕሉን ለላከው ጎረቤቴ መልስ ጻፍኩለት፦ «ሥዕሉን ተውና የራስህን እጆች ይዘህ ና።»

አፍሮ መጣ። አጠገቤ ተቀመጠና «ወንድምህ እኮ ደጁ ለእንግዳ የማይዘጋ ሰው ነበር» አለኝ።

ወንድሜ፣ የአባቱ ልጅ፣ በር ሲንኳኳ መብራት የሚያጠፋ ሰው ነበር።

«እውነትህን ነው» አልኩት። «እስቲ ድገመው።»